ግድግዳው እስኪደርቅ

ግንቦት 12 ቀን 2016፣ ሱዳን፣ ከባሱንዳ ወጣ ብሎ

ይህን ደብተር ከዶካ ገበያ የገዛሁት የግድግዳ ልክ ልጽፍበት ነበር። ልኩን በጭንቅላቴ ስለምይዘው ደብተሩ ባዶውን ከረመ። እንግዲህ የሆዴን ልጻፍበት። እዚህ የሆድ የሚጫወቱት ሰው የለም። ለሚስቴ ለሸጊቱ የሥራ ወሬ ካወራሁላት ታዛጋለች፤ የአገር መመለሻውን መንገድ ካነሣሁባት ታለቅሳለች።

ዛሬ ሼህ እስማኤል ቃል ሰጡኝ። የምጠግነው ቤት የእሳቸው ነው፤ የሰሊጥ እርሻውም፣ ሎሪውም፣ ትራክተሩም። «ያ ኡስታ» አሉኝ፤ «ለዒድ ዲዋኑን ጨርስልኝ። ኸሪፍ ሳይገባ አንተንና ሚስትህን በራሴ ሎሪ ገላባት አደርሳችኋለሁ።» ኡስታ ማለት የሙያ ጌታ ነው፤ ዲዋን የሚሉት እንግዳ የሚቀበሉበትን ትልቁን ክፍል ነው። ከእሳቸው ጋር ከሆንን በየኬላው የሚያቆመን የለም። ብቻችንን ከሆንን ግን አንዱ ይዞ ለሌላው ሲያስረክበን ክረምቱ ያልፋል። ኸሪፍ፣ የዚህ አገር ክረምት፣ ከገባ ደግሞ ይህ ጥቁር አፈር መኪና አያሳልፍም፤ እስከ መስከረም ድረስ ያለንበት ላይ መቅረት ነው።

ሸጊቱ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። እናቷ መተማ ናቸው፤ ወንዙን እንደተሻገሩ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ።

«በሰኔ እናቴ ጋ ነኝ?» አለችኝ።

«በሰኔ መጀመሪያ» አልኋት። ሣቀች። ስትሥቅ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ግንቦት 17

ቤቱን ሰዉ ሁሉ «ቤት አልሐበሺ» ይለዋል፤ የሐበሻው ቤት ማለት ነው። ዛሬ ሼህ እስማኤል ሻይ ይዘው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ታሪኩን ነገሩኝ። ስናር የንጉሥ ከተማ በነበረችበት ዘመን አያት ቅድመ አያታቸው ዝባድና ቡና ከጎንደር እየጫነ የሚያወርድ ነጋዴ ነበር። የጎንደርን ግንብ አይቶ ልቡ ተሰረቀና «ለአንድ በጋ» ብሎ አንድ ግንበኛ ይዞ መጣ። ግንበኛው ይህን ቤት ሠራ። ከዚያ እዚሁ ቀረ፣ እዚሁ ሞተ። ከግቢው ላሎብ ዛፍ ሥር ያለው የድንጋይ ክምር መቃብሩ ነው ይላሉ። ስሙን የሚያውቅ የለም።

«ለምን አልተመለሰም?» አልኋቸው።

«ወደደን» አሉ።

እኔ አምናለሁ። ሥራውን ያየ ያምናል። ቅስት በሩ ላይ ቱንቢ ጣልሁበት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ ፀጉር ታህል አላዘነበለም። ጎኑ ላይ ያለው ክብ ክፍል ከአገሬ ግንብ ተቆርጦ የመጣ ነው የሚመስለው። ጣሪያው ፈርሶ በቆርቆሮ ተተክቷል፤ የኖራ ልስኑም ረግፏል። እኔ አገሬ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላው የሠራውን ስጠግን ኖርሁ፤ ስሜን የጠራኝ የለም፤ «ያ ግንበኛ» ነኝ። እዚህ ኡስታ ነኝ። ትልቅ ትንሹ «ኡስታ» ይለኛል። ልዋሽ እንዴ? ደስ ይላል።

ማታ ለሸጊቱ ነገርኋት።

«ወደዳቸው ነው ወይስ አትሄድም አሉት?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ! ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ጎንደር ላይ ሚስት ነበረችው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ የምታመጣው ከየት ነው?

ግንቦት 22

አብሮኝ የሚሠራው ኣጽብሃ ይባላል። ከትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ተሻግሮ መጀመሪያ መንደር 8 የሚባለው የስደተኛ መጠለያ ገባ፤ አሁን ከሚስቱ ከኣድያም ጋር የሼህ እስማኤል ግቢ ነው ያለው። በእሱ አገርና በእኔ አገር መካከል የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም። ድንጋይ ያቀብለኛል፣ እግዜር ይስጥህ እለዋለሁ፣ በቃ።

ዛሬ ግን ተናገረ። «ኡስታ፣ ሲሚንቶ አይሁን። አሮጌ ግድግዳ ከሥር ውኃ ይጠጣል፤ ኖራ ከሆነ ያስተነፍሰዋል። በሲሚንቶ ካፈንነው ውኃው ወዴት ይሄዳል?»

«ኖራ ተቃጥሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ እስኪደርስ ኸሪፍ ይገባል።»

«ይግባ፣ ሐወይ። ይህ ቤት ስንት ኸሪፍ አይቷል።» ሐወይ ወንድሜ ማለት ነው።

«ቤቱ አላረገዘም» አልሁት። እኔ ሣቅሁ፤ እሱ አልሣቀም።

ያለው ጠፍቶኝ አይደለም። ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ግንብ ስንጠግን ሲሚንቶ ወደ ግቢው አይገባም ነበር። ግን ጊዜ ከየት ይምጣ? ደግሞስ የሚያዘኝ እሱ ነው? የመንደር 8 ሰው?

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

እሱ ከሥራ መልስ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ኖራውን ያቃጥላል፣ ውኃ ውስጥ ይጨምራል። «ለምን?» ብለው «የሚገባበት ቦታ አያጣም» አለኝ። ይቆፍር። ጉልበቱ የራሱ ነው።

ግንቦት 29

ሲሚንቶው ከገዳሪፍ ደረሰ። ቀን ልስን፣ ማታ ፋኖስ ይዞ ልስን። ወገቤ አለቀ። ሸጊቱ እግሯ አብጧል። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቆረ፤ ሄደ ደግሞ።

ሰኔ 4

ጨረስሁ!

ሼህ እስማኤል ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንሸራተቱ። «ሩኻም!» አሉ፤ እብነ በረድ ማለታቸው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራ። ኣጽብሃም ገብቶ አየ። «ሥራህ ንጹሕ ነው» አለኝ። ወጣና ወደ ጓሮው ሄደ። ቢቀናም አይፈረድበትም።

ቅዳሜ ሎሪው ይነሣል። ሸጊቱ ዕቃዋን ከአሁኑ ቋጥራ ጨርሳለች። ያለን ዕቃ አንድ ማዳበሪያ አይሞላም፤ አሁንም አሁንም ትፈታና እንደገና ትቋጥረዋለች።

ሰኔ 7፣ ዓርብ

ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። ጠዋት ዲዋን ስገባ ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሯል። እጄን ሳሳርፍበት ረጠበ። የዝናቡ ቅዝቃዜ ነው። አዲስ ልስን ሁልጊዜ ትንሽ ያልበዋል።

ግን እንዲህ ትቼው ልሂድ? ከነገ ወዲያ ለዒድ እንግዳ ይመጣል። «ይህን የሠራው ማነው?» ይባላል። ሰው ሁሉ ኡስታ ሲለኝ ከርሞ፣ ገላባትን ሳላልፍ «ያ ሐበሺ አታለላቸው» ሊሉኝ ነው።

ሼህ እስማኤልን «እስከ ዒድ ማግሥት ይቆይልኝ» አልኋቸው። ገረማቸው። «ሚስትህስ?» አሉኝ። «እሷ ጠንካራ ናት» አልሁ። «እንግዲህ ሎሪው ያው በር ላይ ነው፤ ስትል ንገረኝ» አሉ።

ለሸጊቱ የሎሪው ጎማ ትንሽ ነገር አለው አልኋት። ጎማው በእርግጥም አሮጌ ነው።

ዕቃዋን ፈታች።

ሰኔ 13

ግድግዳው ጨው አወጣ። ነጭ፣ እንደ ዱቄት፣ በእጅ ሲነኩት የሚረግፍ። ከሥሩ ጠርቤ በወፍራም ሲሚንቶ መለስሁት። ደረቀ። ዛሬ ጥቁሩ ከጠገንሁት በላይ፣ ወገቤ ድረስ ወጣ። ስዘጋበት ወደ ላይ ይወጣል። ውኃ ሲወስድ እያሣሣቀ ነው ይላሉ፤ እኔን ግን አላሣቀኝም።

ኣድያም ከጓሮ በትግርኛ ለባሏ ስትናገር ሰማሁ። ሁሉን አልሰማሁም፤ «ሰብኣያ» የሚለውን ግን አወቅሁት፤ ባሏ ማለት ነው። ስለ ማን ባል እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ።

ሰኔ 19

ሎሪው ሊወጣ ሞክሮ ከግቢው በር ብዙም ሳይርቅ ሰመጠ። በትራክተር ጎትተው መለሱት። አፈሩ እንደ ሊጥ ሆኗል፤ ጫማ ይውጣል። ሼህ እስማኤል ትከሻቸውን ሰበቁ፤ «ኸሪፍ ነው፣ ምን ይደረጋል።»

ሸጊቱ በር ላይ ቆማ እያየች ነበር። ተመልሳ ገብታ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። አጠገቧ ሆኜ ጀርባዋን ላሻት አልሁ፤ «እጅህ ይሻክራል» አለችኝ። ሲሚንቶ እጄን በልቶታል፤ እውነቷን ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው? እስከ ዒድ ማግሥት ብቻ ነው ያልሁት። ዝናቡ እንዲህ ይፈጥናል ብሎ የገመተ ማንም የለም። ሼህ እስማኤልም አልገመቱም። ሲሚንቶውንም ቢሆን የመረጥሁት ለእሷ ብዬ ነው፤ ቶሎ እንድንሄድ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ መልቀሙንም አልቻልሁበትም።

ሰኔ 26

ከስንጃ ሰው እየፈለሰ ነው። የሱዳኑ ጦርነት እዚያ ደርሷል። የሼህ እስማኤል ልጅ ከነልጆቿ፣ ከነአማቷ፣ ከነጎረቤቶቿ በትራክተር ተሳቢ መጣች። ግማሹን መንገድ በእግራቸው ነው የመጡት። ዲዋኑ ሞላ። እንግዳ ይቀመጥበታል የተባለው ክፍል ውስጥ ሕፃናት ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ይተኛሉ።

ማታ ማታ ይሳላሉ። ክፍሉ አፈር አፈር፣ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። አንዲት አሮጊት ፍራሻቸውን ከግድግዳው አርቀው ሲጎትቱ አየሁ። «ቤቱ ያለቅሳል» አሉኝ፤ ቅሬታ አልነበረውም አነጋገራቸው፤ ይልቅ አዘኑልኝ። ሸጊቱ አብራቸው ተቀምጣ ሕፃን ታቅፋ ነበር። ዓረብኛዋ ከኔ ይሻላል፤ እኔ የማውቀው የሥራ ዓረብኛ ነው፤ እሷ የሴቶቹን ታውቃለች።

ኣጽብሃ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከድኖታል። በየጥቂት ቀኑ በዱላ ያማስለዋል።

ሐምሌ 3

ሼህ እስማኤል ጠሩኝ። ትራክተሩ ዓርብ ጠዋት ዱቄት ሊያመጣ ዶካ ይወርዳል። ከዶካ አስፋልት አለ። የሚያውቁት ሾፌር እስከ ገላባት ይወስዳል፤ ስማቸውን ከጠራ ማንም አይነካንም። «ሚስትህን ይዘህ ሂድ» አሉኝ። «ቤቱ ይቆያል።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር። ቤቱ ይቆያል! ያንን ግድግዳ እያየ እንዲህ የሚል ሰው አዝኖልኝ ነው። ከስድብ ባሰብኝ።

አልነገርኋትም። ትራክተርም ቢሆን ይገለበጣል። በዚህ ወሯ በተሳቢ ትጫናለች እንዴ? ነገ እነግራታለሁ።

ሐምሌ 4

ቀኑን ሙሉ የሰሜኑን ጎን ስጠርብ ዋልሁ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር የዋለው። ማታ ልነግራት አስቤ ስገባ ተኝታ አገኘኋት። የተኛ ሰው አይቀሰቀስም፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ።

ቁጭ ብዬ አየኋት። ሆዷ ላይ እጇን እንዳሳረፈች ነው የተኛችው። እወዳታለሁ። ይህን ደብተር ላይ መጻፍ ይቀላል።

ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ፍቺ

ሄደች።

እንደነበረው ልጻፈው። ገና ጎሕ ሲቀድ ትራክተሩ ተነሣ። የሼህ እስማኤል ልጅ ገብታ «አንች፣ ለምን አልተዘጋጀሽም?» አለቻት። እኔ እዚያው ነበርሁ።

ሸጊቱ ወደኔ ዞረች። «እንደሚሄድ ታውቅ ነበር?»

«ዝናቡን አይቼ እኮ ነው፣ ማታ ልነግርሽ ስል ደግሞ ተኝተሽ...»

«የሎሪው ጎማስ?»

ከልብሴ ላይ ሲሚንቶ ማራገፍ ያዝሁ።

«ጎማው ደኅና ነበር። የሼሁ ልጅ ዛሬ ነው የነገረችኝ። ሎሪው በር ላይ ቆሞልኝ እኔ ልብስ አሰጣበት ነበር! በየቀኑ! አጥቤ አጥቤ እሱው ላይ!» ሣቀች፤ ሣቋ ግን ወደ ልቅሶ ዞረባት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። አንተ ግድግዳ ይዘሃል።»

ማዳበሪያውን ለማንሣት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ለካ መልሳ ቋጥራው ኖሯል። ኣድያም ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። «ብቻሽን አትሄጅም፤ ኣነ ኣለኹ» አለቻት፤ እኔ አለሁ ማለቷ ነው። ኣጽብሃም ተሳቢው ላይ ፍራሽ አነጠፈ፤ ሸራ ወጠረ፤ እሱም አብሮ ተሳፈረ። እኔ ማዳበሪያውን አቀበልሁ።

«ትመጣለህ?» አለችኝ ከላይ ሆና።

ቦታ ነበረ። ከኣጽብሃ አጠገብ አንድ ሰው ያስቀምጣል።

«ሰሜኑን ክፍት አድርጌዋለሁ፤ ሕፃናቱ እዚያ ነው የሚተኙት። እሱን ብቻ ዘግቼ እከተልሻለሁ። ግድግዳው እስኪደርቅ ነው።»

«እሽ» አለች።

ተሳቢው ወደ ዶካ መንገድ ሲታጠፍ ጥቁር ሸራውን ብቻ አየሁ። ዞራ እንዳየችኝ አላውቅም። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

ሐምሌ 7

ትራክተሩ አልተመለሰም። ስልክ የለም።

ሐምሌ 8

ጉብታው ላይ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዤ ቆምሁ። ምንም። ከስንጃ የመጡት ልጆች ተከትለውኝ ወጥተው እነሱም ባዶ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ሐምሌ 9

ወደቀ። የምዕራቡ ጎን ልስን ከላይ እስከ ታች፣ በአንድ ላይ። ልጆቹ ውጭ ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲሚንቶዬ አልተሰነጠቀም፤ እንዳለ፣ እንደ በር ተነጥሎ ነው የወደቀው። ከሥሩ ያለው የድሮው ጭቃ ገንፎ ሆኗል።

«ጠንካራ ሥራ ነው» ብለው ሣቁ አሮጊቷ። እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ወጥቼ ከላሎቡ ሥር አለቀስሁ። ምን አለ እዚህ ብጽፈው! አለቀስሁ።

ሐምሌ 11

የቀረውን ራሴው በመሮ እያወረድሁ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ሲወርድ ግድግዳው እፍፍ ይላል፤ ሞቅ ያለ የአፈር ሽታ ይወጣል። የድንጋዩ አጣጣል ሲገለጥ ደግሞ... ያ ሰው እንዴት ያለ እጅ ነበረው! ከላይ ያለው የተጣደፈ ነው፤ ከታች ያለው ግን እርጋታ አለው። ሲጀምር የትም የሚሄድ አይመስልም ነበር፤ ሲጨርስ ግን የቸኮለ ነው የሚመስለው። ወደ አገሩ ለመሄድ ይሆን?

ሸጊቱ ብትኖር ይህን እነግራት ነበር። ማዛጋቷ አይቀርም።

ሐምሌ 14

ኣጽብሃ መጣ። እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሶ፣ በእግሩ፣ ብቻውን። ሳየው መሮዬን ጥዬ ወጣሁ።

«ደኅና ናት» አለ ገና ከሩቅ፤ ፊቴን አይቶ ነው። «ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

ዶካ ደርሰዋል፤ ትራክተሩ እዚያ ተበላሽቶ ቀርቷል። ከዶካ ወዲያ ያለው ኮር የሚሉት ደራሽ ወንዝ ግን ሞልቶ አስፋልቱን ቆርጦታል፤ መኪና አያልፍም። እዚያው ምጥ ያዛት። አሰፋች የምትባል ሻይ የምትሸጥ የአገራችን ሰው ከመንገድ አንሥታ ቤቷ አስገባቻት። ሌሊቱን ሙሉ አሰፋችና ኣድያም «ማርያም ማርያም» ሲሉ አደሩ፤ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በትግርኛ። ሴት ልጅ ናት። ኣድያም በእጇ ተቀበለቻት።

እናቷ ቤት አልደረሰችም። እኔም አልነበርሁም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያላት የመንደር 8 ሰው ነው። ይህን ልጻፈው፤ ያን የግንቦቱን ጽፌው የለ? ኣጽብሃ እግሩን ሲታጠብ ውኃ ያፈሰስሁለት እኔ ነኝ። «ተው እንጂ፣ ኡስታ» አለኝ። «በስሜ ዓለምነው በለኝ» አልሁት።

«ምን አለች?» ብዬ ጠየቅሁት፤ እስኪበላ እንኳ አልጠበቅሁም።

ኣጽብሃ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹ መሐል ያለውን ጭቃ ማውጣት ያዘ። «ኮሩ ሲጎድል ወደ እናቴ እሻገራለሁ፤ ከዚያ በፊት ከመጣ አብረን፣ ካልመጣም እኔ ሄጃለሁ አለች።»

«ሌላስ?»

«ግድግዳው ደረቀ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ አለች።»

ሐምሌ 16

ትራክተሩ ተጠግኖ መጥቷል። ሐሙስ ጠዋት እንደገና ዶካ ይወርዳል። ሼህ እስማኤልን «እሄዳለሁ» አልኋቸው። ትከሻዬን መቱኝ። «መብሩክ፣ አቡ ቢንት» አሉኝ፤ እንኳን ደስ ያለህ፣ የሴት ልጅ አባት ማለታቸው ነው። ኡስታ አላሉኝም፤ አልከፋኝም። ግድግዳው ራቁቱን ይቆያል፤ ይድረቅ፤ በበጋ ሌላ ሰው ይለስነው። ልብሴን ቋጥሬያለሁ። መሮውንና የልስን ማለስለሻውን ፍራታሶ ለኣጽብሃ ሰጠሁት።

ሕፃኗ ስም አልወጣላትም አለኝ ኣጽብሃ። እኔን እየጠበቁ ይሆናል። መንገድ ላይ አስብላታለሁ።

ሐምሌ 17

ኣጽብሃ የጉድጓዱን ቆርቆሮ አነሣና «ና እየው» አለኝ። ኖራው ደርሷል። እንደ ቅቤ ሆኗል፤ በእንጨት ሲያነሡት አይፈስም፣ አይቆረጥም። እንዲህ ያለ ኖራ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ጎንደር እንኳ ይህን ያህል የሚታገሥ ሰው አልነበረም። ጥቂት ወስደን በአሸዋ ለውሰን ከቅስቱ በር አጠገብ አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ቀባነው። ፍራታሶውን ከእጁ ተቀበልሁት፤ ለማሳየት ያህል። ግድግዳው ጠጣው። ያዘው። ማታ ስመለስበት ዙሪያው ሁሉ ጠቁሮ እሱ ብቻ ነጭ ነበር፤ ደረቅ።

«አንተ ሂድ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ ኣጽብሃ።

ይጨርሰዋል። እጁ ጥሩ ነው። ቅስቱ ላይ ግን እጅ ትንሽ ዘወር ማለት አለበት፤ እሱን አላሳየሁትም። ነገ ትራክተሩ ሳይነሣ በጠዋት አሳየዋለሁ። ቋጠሮዬን በር ላይ አስቀምጫለሁ።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ትራክተሩ ሲነሣ ሰማሁት። እጄ ኖራ ውስጥ ነበር።